ወንበሩ ላይ ማን አለ?

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ሼክስፒር ተውኔት ስለ «ማክቤዝ» ጥቂት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ሙታን መንፈስ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ጉዳይ ሳስተምር ኖሬ አልጠገብኩትም። ሦስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን «በሬናሳንስ ዘመን ትራጄዲ መንፈስ የጥፋተኝነት ምልክት ነው» ብለው አስጻፉን። ማክቤዝ ላይ ገባኝ። ወዳጁን ባንኮን ያስገደለው እሱ ነው፣ ባንኮም መጣበት። በሌላው የሼክስፒር ተውኔት፣ ሐምሌት ላይ ግን ግራ ገባኝ። ሐምሌት ማንን ገደለና ነው መንፈስ የሚመጣበት? አባቱን የገደለው አጎቱ ተመችቶት ይኖራል፤ የሚባዝነው ልጁ ነው። ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምከው። አስተማሪህ አልተሳሳቱም። ግን ያስጻፉህ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ተውኔት አይሸከምም።

መንፈስ ያለበት ተውኔት ስታነብ ደብተርህ ላይ ሁለት ነገር ጻፍ። ማን አየው? ማንስ አላየውም? እኔ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላገኘሁም።

በመጀመሪያ መንፈስ ከገዳይ ህሊና ጋር ብዙም ጉዳይ አልነበረውም። ሮማዊው ሴኔካ «ታይስቲስ» የተባለውን ተውኔቱን የሚከፍተው በታይስቲስ አያት በታንታለስ መንፈስ ነው። እንግሊዞች ይህን ተውኔት በ1560 በቋንቋቸው አነበቡት፣ ወደዱትም። ከዚያ ቶማስ ኪድ በ1580ዎቹ ገደማ «የስፔን ትራጄዲ»ን ጻፈ። እዚያ በጦርነት የሞተ አንድሬያ የሚባል ሰው መንፈስ አለ። አጠገቡ ደግሞ በቀል ራሱ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብለው ያያሉ። ከሕያዋኑ ግን አንድሬያን የሚያየው የለም። ሟቹ ተመልካች ነው፣ እንደኔና እንዳንተ። ደሙ እስኪመለስለት ይጠብቃል።

ሼክስፒር ስለ እንግሊዙ ንጉሥ በጻፈው «ሪቻርድ 3ኛ» ላይ ነገሩ ይለወጣል። ጊዜው ነሐሴ 1485 ነው፣ የቦስወርዝ ጦርነት ዋዜማ። ሪቻርድ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቷል። በእሱ ምክንያት የሞቱት ሰዎች ይመጣሉ። 11 ናቸው። ሁለቱ የወንድሙ ልጆች አሉበት፣ ሚስቱም አለችበት። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሉት፤ ተስፋ ቁረጥና ሙት። ከዚያ ዞረው ባላንጣውን ሪችመንድን በእንቅልፉ ይመርቁታል። ሪቻርድ ብርግግ ብሎ ይነቃል። ከራሱ ጋር መሟገት ይጀምራል። እዚህ ገዳይ አለ እንዴ? የለም። አለ፣ እኔ ነኝ። እንግዲያ ልሽሽ። ከማን? ከራሴ? ይህን ክፍል ጮክ ብለህ አንብበው። አንድ ሰው ለሁለት ሲሰነጠቅ ትሰማለህ። ልብ በል፣ ሙግቱ የሚጀምረው መንፈሶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ማክቤዝ ላይ ደግሞ ሕልም እንኳ የለም። ሰው ሁሉ ነቅቷል፣ ገበታው ቀርቧል፣ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። በ1622 ሚድልተንና ሮውሊ አብረው የጻፉት «ዘ ቼንጅሊንግ» እንዲያውም ነገሩን በስሙ ይጠራዋል። ደ ፍሎሬስ የተባለ የቤት አገልጋይ አሎንዞን ይገድለዋል። ቀለበቱ አልወጣ ሲለው ጣቱን ከነቀለበቱ ቆርጦ ይወስዳል። በኋላ፣ የአሎንዞ እጮኛ ሌላ ሰው በምታገባበት ቀን፣ አሎንዞ ብቅ ብሎ ያን ጣት የጎደለውን እጁን ያሳየዋል። አንድም ቃል አይናገርም። እጁን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላ ጊዜ ሲመጣበት ደ ፍሎሬስ «የህሊና ጭጋግ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ይላል። አስተማሪህ ያስጻፉህን ዓረፍተ ነገር በገዳዩ አፍ ታገኘዋለህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐምሌት እንምጣ። የሐምሌትን አባት፣ የሟቹን ንጉሥ፣ መንፈስ መጀመሪያ ያዩት ዘበኞቹ በርናርዶና ማርሴለስ ናቸው። ከዚያ ሆሬሽዮ አየው፤ የተማረ ሰው ነው፣ ሲነግሩትም አላመነም ነበር። ሐምሌት አራተኛ ነው። ከአራቱ አንዳቸውም እጃቸው ላይ ደም የለም። በተኛበት ጆሮው ውስጥ መርዝ አፍስሶ ወንድሙን የገደለው የሐምሌት አጎት ክላውዲየስስ? አንድም ጊዜ አያየውም። ይጠጣል፣ ዋንጫ ባነሳ ቁጥር መድፍ ያስተኩሳል፣ ወንድሙ ግን ዝር አይልበትም። ስለዚህ ይህ መንፈስ የገዳዩ ህሊና ነው ብትል ተውኔቱ ራሱ እምቢ ይልሃል።

ታዲያ ምንድን ነው? እስቲ አሟሟቱን ሲናገር ስማው። ሳልቆርብ፣ ሳልዘጋጅ፣ ቅብዐት ሳልቀባ፣ ከነኃጢአቴ ተቆረጥኩ ይላል። ለአንተ ይህ እንግዳ አይሆንብህም። «ሳይናዘዙ ከመሞት ይሰውረን» ሲባል እየሰማህ ነው ያደግከው። የለንደን ሰው ግን በ1600 አካባቢ ይህን ሲሰማ የቆየ ቁስል ነው የሚነካበት። አያቶቹ ለሙታናቸው ቅዳሴ ያስቀድሱ ነበር። ነፍሳት በእሳት የሚነጹበት መንጽሔ አለ ብለው ያምኑ ነበር። በ1547 ለሙታን የሚጸለይባቸው የጸሎት ቤቶች በሕግ ተዘጉ፣ ንብረታቸውም ለዘውዱ ገቢ ሆነ። በ1563 ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መንጽሔ የሚባለው ነገር ከንቱ ፈጠራ ነው ብላ ደነገገች።

አስበው እንግዲህ። እኛ አገር ፍትሐቱና ተዝካሩ በአዋጅ ቀረ ቢባል ምን ይሰማሃል? እናትህን ቀብረህ ስትመለስ ከእንግዲህ ለእሷ የምታደርገው አንዳች ነገር የለም ብትባል? የሐምሌት አባት የለም ከተባለው ከዚያ ስፍራ ነው የሚመጣው። ቀን በእሳት ውስጥ ነኝ፣ ሌሊት እዞራለሁ ይላል። ሊነጋ ሲል፣ ሲሰናበት፣ የመጨረሻ ቃሉ «አስታውሰኝ» ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እዚህ ላይ የየራሱን ሟች አስቧል። በደል አለ፣ አዎ። ግን የገዳይ በደል ሳይሆን ሙታኑን የረሳ ሰው በደል ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። መንፈሱ በሦስተኛው ገቢር ይመለሳል። ሐምሌት እናቱን በእልፍኟ እያናገረ ነው። አሁን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። እናቱ ከባዶ አየር ጋር ነው የምታወራው ትለዋለች። በፊት አራት ሰው ያየውን አሁን አንድ ሰው ያየዋል። ምን ተለወጠ? ሐምሌት ራሱ ይነግርሃል፤ የዘገየውን ልጅህን ልትቆጣ ነው የመጣኸው? ይለዋል። ቃል ገብቶ አልፈጸመም። መጀመሪያ ሲገናኙ ንጹሕ ልጅ ነበር። አሁን ባለዕዳ ነው። አባትየው በግንቡ ላይ ሲታይ ከራሱ እስከ እግሩ ጥሩር ለብሶ ነበር። በ1603 የታተመው የመጀመሪያው ቅጂ ግን እዚህ ጋ «መንፈሱ በሌሊት ልብሱ ይገባል» ይላል። ጦረኛው ንጉሥ ቀርቶ የቤቱ አባት መጣ። ሐምሌትን የሚያስለቅሰው ይህኛው ነው።

ስለዚህ ፈተና ላይ «የጥፋተኝነት ምልክት ነው» ብለህ ስትጽፍ የማን ጥፋት እንደሆነ ጨምርበት። አስተማሪህ ደስ ይላቸዋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንም ማክቤዝንም ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኘሃቸው ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጠህ አንብባቸው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እዚህ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ማክቤዝን አየሁ። ባንኮ ግብዣው ላይ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አልመጣም። ተዋናዩ ባዶ ወንበር ላይ ይጮሃል። የተሸወድኩ መሰለኝ። ባልደረባዬ ግን «መንፈሱ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ ትክክሉ ይሄ ነው» አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባልደረባህ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ደጋፊ አላት። ጆን ፊሊፕ ኬምብል የሚባል ታላቅ ተዋናይ በ1794 ለንደን ውስጥ በድሩሪ ሌን ቲያትር ማክቤዝን ሲሠራ ወንበሩን ባዶ አደረገው። አንተ ደግሞ ከዚያ የቀደመ ምስክር አለህ። ሳይመን ፎርማን የሚባል ሐኪምና ኮከብ ቆጣሪ በሚያዝያ 1611 ግሎብ ቲያትር ገብቶ ማክቤዝን አይቶ ማስታወሻ ጽፏል። ማክቤዝ ለባንኮ ጽዋ ሊያነሳ ብድግ ይላል። በዚያች ቅጽበት መንፈሱ መጥቶ ከኋላው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ማክቤዝ ልቀመጥ ብሎ ዞር ሲል ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ፎርማን ይህን በዓይኑ ነው ያየው። ግሎብ ደግሞ ያኔ ጣሪያው ክፍት ነበር፣ ተውኔት የሚታየውም ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ጨለማ የለ፣ መብራት የለ፣ ጭስ የለ። ሰው መጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ በቃ።

እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ልንገርህ።

ማክቤዝ በቀኑ ባንኮን «ከግብዣዬ እንዳትቀር» ይለዋል። ባንኮም «ጌታዬ፣ አልቀርም» ይላል። ከዚያ ገዳዮቹ ይላካሉ። ማታ ገበታው ይቀርባል። ማክቤዝ በሰው ፊት «ባንኮ እዚህ በኖረ» እያለ ያዝናል። እንግዶቹ ተቀመጥ ሲሉት «ቦታው ሞልቷል» ይላል። ይኸውና የተያዘልህ ቦታ ይሉታል። የት? ይላል። ራሱ ላይ 20 ቁስል ያለበት ሰው በእሱ ቦታ ተቀምጧል። ባንኮ አልቀርም ብሎ ነበር፣ አልቀረም።

ማክቤዝ የሚናገረውን ደግሞ ስማ። «አንተ ነህ ያደረግኸው ልትለኝ አትችልም፤ ያን በደም የጨቀየ ጸጉርህን አትነቅንቅብኝ!» ማንም ምንም አልጠየቀውም እኮ። ማንም ሳይጠይቀው ነው የካደው። ሚስቱ ሕመም ነው፣ ከልጅነቱ ያለበት ነው እያለች ልትሸፍን ትሞክራለች። መጨረሻ ላይ እንግዶቹን ተነሱ ሂዱ ብላ ታሰናብታለች።

ወንበሩ ባዶ ከሆነ እኛ ተመልካቾቹ ከእንግዶቹ ወገን ነን። አንድ ንጉሥ ሲቀባዥር እናያለን፣ እንገረማለን፣ ምናልባትም እናዝንለታለን። ባንኮ እዚያ ተቀምጦ ካየነው ግን ከማክቤዝ ወገን ሆንን። እሱ የሚያየውን እናያለን፣ ሌላው አያይም። ምስጢሩ በእኛም ላይ ወደቀ። ይህን የሚያህል ነገር በባዶ ወንበር መለወጥ ያሳዝነኛል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ የድራማ ክበባችን ማክቤዝን ሠርቶ ነበር። እኔ ከእንግዶቹ አንዷ ነበርኩ። የምናገረው አንድ ቃል የለኝም። ሥራዬ አለማየት ነበር። ባንኮን የሚሠራው ልጅ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ጣረ ሞት መስሎ ከእኔ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ይቀመጣል። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ጸጉሩ ላይ ያፈሰሱት ቀይ ቀለም ጠብ ጠብ እያለ የጠረጴዛውን ልብስ ያበላሻል፣ እኔ ዳቦ ቆርሼ ፈገግ እላለሁ። በጣም ከባድ ነው! ሰውነት ወዲያ ይዞራል። አዘጋጃችን በየልምምዱ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «አንቺ ካየሽው ባንኮ ተራ እንግዳ ሆነ፤ ማክቤዝም ነጻ ወጣ።»

በሁለተኛው ምሽት አንዲት ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ሳላስበው ቀና ብዬ አየሁት። ለአንድ አፍታ ብቻ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት «አየችው!» አለች። አዳራሹ ጉምጉም አለ። ያን ምሽት ማክቤዝን የሚሠራው ልጅ ያን ሁሉ ጩኸት ጮኾ ሰው አልፈራለትም። የመንፈሱን ፍርሃት የሚሠሩት እንግዶቹ እንደሆኑ ያኔ ገባኝ። አሥራ ምናምን ሰው አንድ ወንበር ላይ ያለውን ነገር ባለማየቱ ነው አንዱ በደለኛ ለብቻው የሚቀረው። ሌላ ጊዜ ማክቤዝን ስታይ ማክቤዝን ተወውና እንግዶቹን ተመልከት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እህቴ፣ የፖሊስ መርማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐምሌት አጎቱን ለማጋለጥ ተዋናዮች ሰብስቦ ግድያውን ያሠራል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተጠርጣሪ አይቻለሁ፤ ድራማ አይቶ ያመነ ግን አላጋጠመኝም። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ ነው ወይስ የተደረገ ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። አለ፣ እንዲያውም የመንፈስ ታሪክ ነው።

ሐምሌት ያን ወጥመድ ያጠመደው ስለተጠራጠረ መሆኑን ያስታውሱ። ያየሁት መንፈስ አባቴን መስሎ የመጣ ሰይጣን ቢሆንስ? ይላል። የመንፈስ ምስክርነት አይበቃውም፣ ልክ እንደ እርስዎ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ከዚያ «በደለኞች ተውኔት እያዩ ልባቸው ተነክቶ እዚያው ወንጀላቸውን ተናገሩ ሲባል ሰምቻለሁ» ይላል። ሰምቻለሁ የሚለው ወሬ በእርግጥ ነበር። በ1599 ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ ተውኔት ታሪኩን ያነሳዋል። በ1612 ደግሞ ቶማስ ሄውድ ለተዋናዮች ጥብቅና ቆሞ በጻፈው መጽሐፍ በዝርዝር ይተርከዋል። ሄውድ ራሱ ተዋናይ ነው፤ ቲያትር ጎጂ ነው የሚሉትን ሊረታ ፈልጎ ነው የጻፈው። እርስዎ ምስክር ሲሰሙ ይህን እንደሚመዝኑ አውቃለሁ።

ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ ሊን የምትባል ከተማ ናት። የሰሴክስ መስፍን ተዋናዮች መጥተው «ፍራየር ፍራንሲስ» የሚል ተውኔት ያሳያሉ። በተውኔቱ አንዲት ሴት ለወጣት ፍቅር ብላ ባሏን በስውር ትገድላለች። ከዚያ የባሏ መንፈስ ብቻዋን በሆነች ቁጥር እየመጣ ፊቷ ይቆማል። ተመልካቾቹ መሐል በከተማው የተከበረች፣ ስሟ በክፉ ተነስቶ የማያውቅ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ድንገት ትጮሃለች። «ባሌ! ባሌ! የባሌን መንፈስ አየዋለሁ፣ ይዝትብኛል!» አጠገቧ ያሉት ሰዎች ይደነግጣሉ፣ ምን ሆንሽ ይሏታል። እሷም ሌላ ሰው ለማግባት ብላ ባሏን በመርዝ እንደገደለችው ትናገራለች። ዳኞች ፊት ቀርባም ቃሏን አጸናች። ተፈረደባት።

ከክላውዲየስ ጋር ያስተያዩት። ክላውዲየስ መርዙ መድረክ ላይ ጆሮ ውስጥ ሲፈስ ያያል። ይነሳል፣ መብራት ስጡኝ ብሎ ይወጣል። እዚያ አያምንም። የሚያምነው በኋላ ብቻውን ተንበርክኮ ነው፤ በደሌ የመጀመሪያው ወንድም ገዳይ የተረገመውን እርግማን የተሸከመ ነው ይላል። ቃየልን ማለቱ ነው። ሐምሌት በዚያው ሰዓት ሰይፍ ይዞ ከኋላው ቆሟል። ሲጸልይ ያየዋል፣ የሚለውን ግን አይሰማም። የእምነት ቃሉ ተሰጥቷል፣ የተቀበለው መርማሪ የለም። ይህን ትዕይንት እርስዎ ከእኔ በላይ እንደሚያነቡት አልጠራጠርም።

ስለ ሊኗ ሴት ግን ብዙ አስባለሁ። መድረኩ ላይ የቆመው ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚሠራ አንድ ተዋናይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አይቶታል። ለሌላው ሁሉ የሌላ ሴት ባል ነበር። ለእሷ ብቻ የራሷ ሆኖ መጣ። መርዙን ካጠጣችው 7 ዓመት ሆኖ ነበር።